ፎርማት ሳያደርጉ ኮምፒውተሬን ያዳኑልኝ ቤት፣ አራት ኪሎ

ኮምፒውተራችሁ አፕዴት ካደረገ ወዲህ እየተጎተተ መከራ ካሳያችሁ፣ አራት ኪሎ አንድ ቤት ልጠቁማችሁ። ከድል ሐውልቱ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስትወርዱ ታች ፎቶ ኮፒ ቤት ያለበት ሕንፃ አለ፤ እዚያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትልቅ ታፔላ የለውም። በሩ ላይ «የኮምፒውተር ጥገና» የሚል ወረቀት ብቻ ነው የተለጠፈው። ደረጃውን እንደጨረሳችሁ በግራ በኩል የመጀመሪያው በር ነው። ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ፤ ግማሿን የቀነስኩበትን ምክንያት ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ።

እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሰው ሂሳብ ነው የምሠራው። ስድስት ደንበኞች አሉኝ። ሁለቱ ቡና ቤት ናቸው፣ አንዱ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ነው፣ የቀሩት ትናንሽ ሱቆች ናቸው። የሁሉም የወር ቫት የሚወጣው ከአንድ ኮምፒውተር ነው። ዴስክቶፕ ነው፤ ኮር አይ 5 አራተኛ ጄኔሬሽን፣ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10። አሮጌ ነው፣ ግን ፒችትሪ ለሚባለው የሂሳብ ፕሮግራምና ለኤክሴል ይበቃኛል። እሱ ከቆመ ስድስት ሰው አብሮ ይቆማል፤ ቅጣት ከመጣም የሚመጣው በእነሱ ስም ነው። እንቅልፍ ያሳጣኝ ይህ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው፣ ማክሰኞ። የዊንዶውስ አፕዴት በየወሩ የሚለቀቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ምሽት ይሆናል። የዚያን ቀኑ ደግሞ ለዊንዶውስ 10 የመጨረሻው መደበኛ አፕዴት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2007 የወጣ ሲስተም ከዐሥር ዓመት በኋላ ድጋፉ የተቋረጠው በዚሁ ዕለት ነው። እኔ ያኔ ይህን አላወቅሁም። ረቡዕ ጠዋት ሥራዬን ልጀምር ስል «አፕዴት እየተሠራ ነው፣ አታጥፉ» የሚለው ሰማያዊ ስክሪን መጣ። 30 ከመቶ ሲደርስ መብራት ድርግም አለ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው የዩፒኤሴ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራቱ ሲመለስ እንደገና ሞከረ፣ ብዙ ቆየ፣ በመጨረሻ «አልተሳካም፣ ወደ ነበረበት እየተመለሰ ነው» አለ። ማታ ላይ ራሱ ማውረድ ጀመረ። ሐሙስም ያው።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር አልነበረኝም ማለት ይቻላል። ማውዙ ይንቀሳቀሳል፣ የተጫንኩት ነገር ግን አይከፈትም። ፒችትሪን ሰዓት ይዤ ለካሁት፣ ለመከፈት 14 ደቂቃ ፈጀ። አንድ ደረሰኝ መዝግቤ ሴቭ ስል ስክሪኑ ነጭ ይሆንና ስታክ ያደርጋል። ሲፒዩው ፊት ላይ ያለችው ትንሿ ቀይ መብራት ድሮ ብልጭ ድርግም ትል ነበር፤ አሁን ጠዋት እንደበራች ሳትጠፋ ትውላለች። ያቺን መብራት ልብ በሉልኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሰፈሬ ወዳለ ሌላ ቤት ነበር። ልጁ ሲፒዩውን እንኳ አልከፈተውም። አስነሳው፣ ትንሽ ጠበቀ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ፎርማት ነው። አፕዴቱንም ለዘለቄታው እዘጋልዎታለሁ» አለኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። እኔ ግን ይቺን ቃል አውቃታለሁ፤ ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ማለት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቦታ እንዲሁ ፎርማት ተደርጎልኝ፣ «ፋይልዎ በሙሉ ዲ ላይ አለ» ተብዬ ቤቴ ስገባ ዴስክቶፕ ላይ የነበረው የአንድ ደንበኛዬ የሰባት ወር ሂሳብ የለም። ደረሰኞቹን ከካርቶን እያወጣሁ አንድ በአንድ እንደገና መዘገብኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ሌሊት። ስለዚህ ልጁን አመስግኜ ሲፒዩዬን ይዤ ወጣሁ።

አራት ኪሎን የጠቆመኝ የግንባታ ዕቃ የሚሸጠው ደንበኛዬ ነው። ሲፒዩውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ በታክሲ ወሰድኩት። ቤቱ ጠባብ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ ገመዶች፣ ጥግ ላይ የተደረደሩ ሲፒዩዎች። ፒያሳ የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጡት። ዋናዋ ቴክኒሺያን ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት፣ ከእሷ ጋር አንድ ረዳት ልጅ አለ።

ገና ሳታበራው ጥያቄ ጀመረች። «ጋሼ፣ መጎተት የጀመረው መቼ ነው? አፕዴት ላይ እያለ መብራት ጠፍቶብዎታል? ምን ምን ይሠሩበታል? ፋይሎቹ የት የት ናቸው? ባክአፕ አለዎት?» የመጨረሻው ባክአፕ የሐምሌ መሆኑን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። «እንግዲያው መጀመሪያ ፋይልዎን እናውጣ። እሱ ሳይወጣ ምንም ነገር አልነካም» አለች። እኔ በዚህች ዐረፍተ ነገር ነው የተማመንኩባት። ብዙ ቴክኒሺያን አይቻለሁ፤ ከማሽኑ በፊት ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው ግን አላስታውስም።

ክዳኑን ፈታች። ብሎኖቹን በለስላሳ ቆርኪ ውስጥ አደረገች፣ አጠገቡ በቁራጭ ወረቀት «የጋሼ» ብላ ጻፈች። ሲፒዩውን ረዳቷ በረንዳ ላይ አውጥቶ በብሎወር አራገፈው፤ የወጣው አቧራ የዓመታት ነው። ከዚያ ፋይሎቹን ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ ጀመረች። ጥሩ ይሄድ ነበር፣ አንድ ፎልደር ላይ ሲደርስ ቆመ። እጇን ሃርድ ዲስኩ ላይ አሳረፈች። «ጋሼ፣ ጆሮዎን ጠጋ ያድርጉ» አለችኝ። ጎንበስ አልኩ። ጠቅ ይላል። ዝም ይላል። እንደገና ጠቅ። «ያቺን ቦታ ለማንበብ እየታገለ ነው። አንዴ አልሆን ሲለው ተመልሶ ይሞክራል። እርስዎ ቤት ስታክ አደረገ የሚሉት ይሄንን ነው» አለች።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፍታ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ይህን የሚያደርግ ቤት ብዙ የለም። ዲስክ በሚለው ስር 100 ከመቶ ይላል፣ ቀይ ሆኗል። እሷ ግን ጣቷን ከሥሩ ያለው ቁጥር ላይ አደረገች። የሚነበበው ነገር በሰከንድ 1 ሜጋ እንኳ አይሞላም። ጤነኛ ቢሆን ይሄ ዓይነቱ ሃርድ ዲስክ ወደ 100 ሜጋ ማንበብ ነበረበት። «መንገዱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ የሚያልፍ መኪና ግን የለም» አለች። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለም።

ቀጥላ የዲስኩን ጤንነት የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈተች። ቢጫ ነው፤ «ጥንቃቄ» ይላል። የተበላሹ ሴክተሮች፣ ማለትም የማይነበቡ የዲስኩ ትናንሽ ክፍሎች፣ አሉበት። ዲስኩ እየተሽከረከረ ባለበት መብራት ድርግም በሚልበት ሰፈር ይሄ የሚገርም አይደለም አለችኝ። ዊንዶውሱ ያለበት የዲስኩ ክፍል፣ ሲ ድራይቭ፣ ደግሞ ሞልቷል። ያኔ ፎርማት ያደረገልኝ ሰው ከ500 ጊጋ ውስጥ ለሲ 60 ጊጋ ብቻ ነው የሰጠው፤ የቀረው ሁለት ጊጋ ነበር። አፕዴት ሲገባ ደግሞ አሮጌውን ፋይል ወዲያው አያጠፋም፤ አዲሱን አጠገቡ አስቀምጦ ሁሉም መሳካቱን ካረጋገጠ በኋላ ነው የሚያነሳው። ቦታ ከሌለ መሀል ላይ ይቆማል፣ ያወረደውም ቁርጥራጭ እዚያው ተከማችቶ ይቀራል። ራሙም 4 ጊጋ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፤ ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ሃርድ ዲስኩ ያወርዳል። ያ ራሱን ማንሳት ያቃተው ዲስክ የራሙንም ሥራ ተሸክሞ ነበር ማለት ነው። በላዩ ላይ አፕዴቱ ሲመጣ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች እየፈታ፣ እያመሳከረ፣ እየተካ ነው የሚሄደው፤ ጸረ ቫይረሱ ደግሞ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ይፈትሻቸዋል። ታስክ ማናጀሩ ላይ ከላይ የተደረደሩት ሁለቱ እነዚሁ ነበሩ፤ የአፕዴቱ ጫኝና ጸረ ቫይረሱ።

«አፕዴቱ ሸክም ነው ጋሼ፣ ጀርባው ግን ቀድሞ ነው የተሰበረው» አለችኝ።

ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለአንድ ሳምንት አፕዴቱን ስረግም ነበር። ያ የሰፈሬ ቤት እንዳለው ፎርማት ተደርጎ አፕዴቱ ቢዘጋ ኮምፒውተሩ ለጥቂት ጊዜ ፈጠን ይል ነበር፤ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ባዶ ስለሆነ ይፈጥናል። ዲስኩ ግን ያው የተበላሸው ዲስክ ነው። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ቆይቶ ይሞታል፣ ሂሳቤንም ይዞ ይሄዳል። ገንዘቡም የትም ይቀራል።

ዋጋውን በወረቀት ጻፈችልኝ። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) 5,500 ብር፣ ተጨማሪ 4 ጊጋ ያገለገለ ራም 1,500 ብር፣ የእጅ 1,200 ብር። ለመመርመር የከፈልኩት 200 ብር ከእጁ ላይ ይቀነሳል። ከዚያ «ራሙ ዛሬ ካልተመቸዎት ይቆይ፣ የሚቀጥለው ወር ይጨምሩታል። ኤስኤስዲው ግን አይቆይም» አለች። ሁለቱንም በአንዴ ልትሸጥልኝ ትችል ነበር፣ አላደረገችም። ኤስኤስዲውን ብቻ አስገባሁ። መርካቶ ብትዞሩ ኤስኤስዲው ትንሽ ሊረክስላችሁ ይችላል። እዚህ ግን የአንድ ዓመት ዋስትና ደረሰኙ ላይ ተጽፎ ነው የሚሰጣችሁ፤ እኔ ደግሞ በወረቀት ያልሰፈረ ነገር አላምንም።

ሥራውን እንዴት እንደሠራችው ልንገራችሁ፣ ሌላ ቦታም ብትሄዱ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አልጫነችም። ያለውን እንዳለ ወደ ኤስኤስዲው ክሎን አደረገችው፤ ፒችትሪው፣ ፕሪንተሩ፣ ሁሉም እንደነበረ መጣ። ሲውንም እዚያው አሰፋችው። ከተበላሹት ሴክተሮች ጋር የጠፉ የሲስተም ፋይሎች ስለነበሩ በዊንዶውስ በራሱ ትእዛዞች፣ ዲአይኤስኤምና ኤስኤፍሲ በሚባሉት፣ ፈትሻ ጠገነቻቸው። የአፕዴቱን ሰርቪስ አቁማ ሶፍትዌር ዲስትሪቢዩሽን የሚባለው ፎልደር ውስጥ የተጠራቀመውን የተበጣጠሰ ዳውንሎድ አጸዳች፣ ሰርቪሱን መልሳ አስነሳች። ከዚያ ያንኑ ሲያስለቅሰኝ የነበረውን አፕዴት እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ በራሳቸው ዩፒኤስ ላይ አድርጋ አስጨረሰችው። «አፕዴቱ ሳያልቅ ከዚህ አይወጣም» ነው ያለችው።

እኔ አሁንም ፈርቼ ነበር። «ልጄ፣ ለምን አትዘጊልኝም በቃ? ምን ያደርግልኛል?» አልኳት። አልተቆጣችም፣ ግን እሺም አላለችም። ግንቦት 2009 ላይ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰበትን ጊዜ አስታወሰችኝ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ማለት ነው። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰርዘዋል። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ግን ከሁለት ወር በፊት፣ መጋቢት ላይ ወጥቶ ነበር። የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። «እርስዎ የስድስት ሰው ሂሳብ ይዘው በር ክፍት አድርገው ያድራሉ እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በመዝጋት ፋንታ ልክ አስያዘችልኝ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት የሥራ ሰዓት ብላ ሞላች፤ በዚያ መሀል ኮምፒውተሩ በራሱ ሪስታርት አያደርግም። የቫት ማስገቢያ ሳምንት ሲሆን ደግሞ አፕዴቱን ፖዝ ማድረግ እንደሚቻል አሳየችኝ። እስከ 35 ቀን ያቆያል፣ ከዚያ በኋላ ግን የተጠራቀመውን ካልጫናችሁ አይለቃችሁም። አንድ ያላወቅሁት ነገርም ነበር፤ ዊንዶውስ ያወረደውን አፕዴት ከእናንተ ኮምፒውተር ላይ ወደ ሌሎች ኮምፒውተሮች የሚልክበት ማብሪያ አለ። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ይባላል፣ ሴቲንግ ውስጥ አፕዴት የሚለው ጋ ታገኙታላችሁ። አጠፋችው። ፓኬጅ እየገዛችሁ ከስልካችሁ ሆትስፖት ለምትጠቀሙ ይሄ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። እናንተማ ኔትወርኩን «ሜትርድ» ብላችሁ ምረጡት፤ አብዛኛውን አፕዴት ሳያስፈቅድ አያወርድም።

ዊንዶውስ 11 ጫኚልኝ ብያት ነበር። እሱ ግን ከኢንቴል ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይፈልጋል፤ የእኔ አራተኛ ነው። አሳልፈው የሚጭኑ አሉ፣ እሷ ግን ለሥራ ኮምፒውተር አልመክርም አለች። ዊንዶውስ 10 ላይ ለአንድ ዓመት የሚያገለግለውን ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት አስመዘገበችልኝ። የማይክሮሶፍት አካውንት ከፍቶ ሴቲንጉን ከአካውንቱ ጋር ማያያዝ ነው፣ ብር አልከፈልኩበትም። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ያደርሰኛል። እስከዚያ ሌላ ኮምፒውተር አጠራቅማለሁ። ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ሰዎች ይህን ሳታደርጉ ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ቶሎ አስመዝግቡ፣ እባካችሁ።

አሁን ኮምፒውተሩ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይነሳል። ፒችትሪ 14 ደቂቃ የፈጀው በ20 ሴኮንድ ይከፈታል። ኅዳር 2 ማክሰኞ ማታ ቀጣዩ አፕዴት መጣ። ልቤ ተሰቅሎ ነበር። ጠዋት ተነስቼ ቡና እስኪፈላ ጭኖ፣ ሪስታርት አድርጎ ጨረሰ። የዩፒኤስ ባትሪም ቀይሬያለሁ። ያችን ቀይ መብራት አልፎ አልፎ አያታለሁ፤ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ሌላም ያስደሰተኝ ነገር አለ። ዕቃውን ስረከብ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በላስቲክ አድርጋ ሰጠችኝ። «የደንበኞችዎ ሂሳብ ስላለበት እኛ ጋ መቅረት የለበትም» አለች። እኔ አልጠየቅኋትም፣ ትዝም አላለኝ። ስንት ቦታ ዲስክ አስቀይሬ አሮጌውን ሳልጠይቅ ወጥቻለሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳቅቀኛል። የትም ብትሄዱ አሮጌውን ዲስክ ተቀበሉ።

አሁን ወደ ግማሿ። ዓርብ ይደርሳል ብለውኝ የደረሰው ሰኞ ነው። ክሎኑ የተበላሹት ሴክተሮች ላይ ስለሚዘገይ ጊዜ መውሰዱ ይገባኛል። ግን መደወል ነበረባቸው። ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ስልክ የሚያነሳ የለም። ሥራ ላይ ሆነው እንደማያነሱ በኋላ ነገሩኝ። የወር መጨረሻ ላይ ላለ ሰው ይሄ ከባድ ነው፤ ለእሷም ነግሬያታለሁ፣ ይቅርታ ጠይቃኛለች። ደረጃውም ሲፒዩ ይዞ ለሚወጣ ሰው አድካሚ ነው፣ ግን ከታች ሆናችሁ ከጠራችሁት ረዳቱ ልጅ ወርዶ ይቀበላችኋል።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሩ። አፕዴቱ ገና ትናንት ከሆነ የመጣው፣ ኮምፒውተሩን ማታ ከፍታችሁ እደሩና ሥራውን ይጨርስ፤ ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ከአፕዴት በኋላ ለሰዓታት ውስጥ ውስጡን መሥራቱ ያለ ነው። ጠዋት ሪስታርት አድርጉት። ሲ ድራይቭ ላይ ቦታ መኖሩን እዩ፤ ዲስክ ክሊንአፕ ውስጥ «የሲስተም ፋይሎችን አጽዳ» የሚለውን ስትጫኑ የድሮ አፕዴቶች ትርፍ ለብቻው ይመጣል፣ እሱን ማጥፋት ችግር የለውም። ሁለት ሦስት ቀን አልፎም ዲስኩ 100 ከመቶ ላይ ከተቸነከረና ከሥሩ ያለው ፍጥነት እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ፣ ሌላ ነገር አትሞክሩበት። ፋይላችሁን አውጡና ውሰዱት።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይከፍታሉ፣ ቅዳሜ እስከ 8 ሰዓት ነው፣ እሁድ ዝግ ነው። በቴሌብር ይቀበላሉ። ሲፒዩውን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሞኒተርና ኪቦርድ እዚያ አለ። ፓስወርዳችሁን እንዳትረሱ፣ የውጭ ዲስክ ካላችሁም ይዛችሁ ሂዱ፤ እሷ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።